ግላዲዮለስ በመሐል ሜዳ፦ ፈረንጅ «በጋ» ያለው የእኛ ክረምት ነው

ስለ ግላዲዮለስ አበባ በስልካችሁ ፈልጋችሁ ያገኛችሁትን ወደ አማርኛ ካስተረጎማችሁት የሚወጣው ባጭሩ ይሄ ነው፦ በፀደይ ይተከላል፣ በበጋ ያብባል፣ ክረምት ሳይገባ ተነቅሎ ቤት ይገባል። ሦስቱም ቃላት ንጹህ አማርኛ ናቸው። ሦስቱም ግን መሐል ሜዳ ላይ ያለን ሰው ያሳስታሉ።

እስቲ በተራ እንያቸው። «ፀደይ» ሲባል አብዛኞቻችን የሚመጣልን መስከረም ነው፤ አደይ አበባ፣ የጠራ ሰማይ፣ የበዓል ሽር ጉድ። እሺ ብሎ መስከረም ላይ የተከለ ሰው ቅጠሉ ስንዝር ሲሞላለት ጥቅምት አልፎ ኅዳር ሊገባ ነው። ያኔ የመንዝ ውርጭ ይደርሳል። ማታ አረንጓዴ የነበረው ቅጠል ጠዋት ላይ የተቀቀለ ጎመን መስሎ ይገኛል። «በበጋ ያብባል» የሚለውን አምኖ ጥር ላይ አበባ ቢጠብቅ፣ የለም። ይባስ ብሎ «ክረምት ሳይገባ ንቀሉት» የሚለውን ከሰማ፣ ዝናቡ ሊጀምር ሲል፣ ማለትም ተክሉ ገና ሊያድግ በሚገባው ሰዓት ቆፍሮ ያወጣዋል። በቃ፣ የዓመት ገንዘብና ልፋት ሄደ።

ጥፋቱ የአበባው አይደለም፣ የትርጉሙ ነው። አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ላይ ዊንተር የሚባለው ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት ያለው፣ መሬት እንደ ድንጋይ የሚጠጥርበት ብርድ ነው። ሰመር የሚሉት ደግሞ ከግንቦት መጨረሻ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ያለውን ነው። እኛ በዚያው ጊዜ ክረምት ላይ ነን። ስለዚህ «በሰመር የሚያብብ» ማለት እኛ ጋ «በክረምት የሚያብብ» ማለት ነው። እነሱ የሚፈሩት ብርድም እኛ ጋ የሚመጣው በክረምት ሳይሆን ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ደረቅ ወራት፣ በውርጭ መልክ ነው።

የሚገርመው የድሮው አቆጣጠር አይሳሳትም ነበር። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25፣ ክረምት ደግሞ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። በዚህ ከሄድን «በፀደይ ትከሉ» የሚለው ቁጭ ይላል። ከትርጉም አፕ ይልቅ የሰፈሩን መሪጌታ መጠየቅ ይሻል ነበር ማለት ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ። ጥሩ ጥሩ የግላዲዮለስ ቪዲዮዎች ከአውስትራሊያና ከደቡብ አፍሪካም ይመጣሉ። እዚያ ወቅቱ የተገለበጠ ስለሆነ ከነሐሴ እስከ ኅዳር ትከሉ ይላሉ። ቪዲዮ ከማመናችሁ በፊት ሰውየው የት አገር ቆሞ እንደሚያወራ እዩ።

አበባው ከየት መጣ?

ግላዲዮለስ ቅጠሉ ሰይፍ የሚመስል፣ ከአንድ ረጅም ዘንግ ላይ ከታች ወደ ላይ በተራ የሚፈካ አበባ ነው። ስሙም ከላቲን «ትንሽ ሰይፍ» ከሚል ቃል የመጣ ነው። ብዙ ሰው የፈረንጅ አበባ ይመስለዋል። አይደለም። ወደ 300 የሚጠጉት ዝርያዎቹ አብዛኞቹ የአፍሪካ ናቸው፤ በብዛትና በዓይነት አንደኛዋ ደቡብ አፍሪካ ብትሆንም የእኛም አገር የራሷ የዱር ግላዲዮለሶች አሏት።

ዛሬ በየአበባ ቤቱ የምናየው ትልልቁ ግላዲዮለስ የተገኘው አውሮፓውያን የአፍሪካ ዝርያዎችን እርስ በርስ እያዳቀሉ ነው። ቤልጂየም ውስጥ የጌንት ከተማው የአበባ ነጋዴ ሉዊ ቫን ሁት በ1841 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያወጣው ዲቃላ የዚህ ትልቅ ቤተሰብ መነሻ ከሚባሉት አንዱ ነው። ከወላጆቹ አንዱ ዳሌኒ የሚባለው ዝርያ ሲሆን፣ እሱ ከደቡብ አፍሪካ ጀምሮ እስከ ኢትዮጵያ በዱር ይበቅላል።

ከዚህ የበለጠ የእኛ የሆነም አለ። ፈረንጆቹ «የአቢሲኒያ ግላዲዮለስ» እያሉ በየዓመቱ በከረጢት ገዝተው የሚተክሉት፣ ነጭ ሆኖ መሐሉ ወይን ጠጅ የሆነ፣ አንገቱን ደፋ የሚያደርግና አመሻሽ ላይ የሚሸት አበባ ነው። ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሆክስቴተር በ1844 እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያ በሄደ ናሙና ነው መጀመሪያ የጻፈለት። በ1932 እ.ኤ.አ. ደግሞ እንግሊዛዊው የአበባ አርቢ ኬልዌይ ሙሪየል ኧርስኪን በተባለች ሴት ስም «ሙሪየሌ» አለው፤ ዛሬ የሚጠራውም በዚሁ ነው። የኢትዮጵያን አበባ በእንግሊዛዊት ሴት ስም መጥራታችን ትንሽ ይከነክናል፤ ግን እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ተክል እሱ ብቻ አይደለም።

ይህን የምንነግራችሁ ለኩራት ብቻ አይደለም። የእነዚህ ተክሎች ባሕርይ ከዝናብና ከድርቅ ጋር የተሠራ ነው፦ ዝናብ ሲመጣ ይነሳሉ፣ ያብባሉ፣ ሲደርቅ መሬት ውስጥ ገብተው ይተኛሉ። መሐል ሜዳ ላይ ክረምቱን ተከትላችሁ ከተከላችሁ ተክሉን ወደለመደው ኑሮ መለሳችሁት ማለት ነው።

አንድ ማሳሰቢያ ግን፦ ጓሳ ሄዳችሁ፣ ወይም ገደል ዳር አይታችሁ የዱሩን ነቅላችሁ አታምጡ። የጓሳ ሣርና ዕፅዋት የመንዝ ሕዝብ በቄሮ ሥርዓት ለዘመናት ሲጠብቀው የኖረ ነው፤ እናንተም ታውቁታላችሁ።

ኮረቱን ስትገዙ

ግላዲዮለስ ከዘር ሳይሆን ከመሬት በታች ካለው፣ ሽንኩርት ከሚመስለው ክፍል ነው የሚተከለው። ፈረንጆቹ ኮርም ይሉታል፤ እኛ ለሽንኩርቱ እንደምንለው ኮረት እንበለው። ልዩነቱ ሽንኩርት ሲላጥ ሽፋን በሽፋን ነው፣ ይሄ ግን ውስጡ እንደ ድንች ድፍን ነው።

ለእኛ ቦታ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው መጠኑ ነው። ነጋዴዎች የሚለኩት በዙሪያው ነው፦ 8/10 ሲሉ ዙሪያው ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው፤ 10/12፣ 12/14 እያለ ይሄዳል። እናንተ ክር አዙራችሁበት ክሩን በማስመሪያ ለኩ። ቆላ ላይና ፀሐይ በበዛበት አገር 8/10 ይበቃል። መሐል ሜዳ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ነች፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ፀሐይ በጉም ተሸፍና ትውላለች። ግላዲዮለስ ደግሞ ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ቅጠል ድረስ ባለው ጊዜ ብርሃን ካነሰው አበባውን ትቶ ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቀራል። ትልቅ ኮረት ስንቅ ስለያዘ ይህን ችግር ይቋቋማል፣ ትንሹ አይችልም። ስለዚህ ከ10/12 በታች ባትገዙ ይመረጣል። በርካሽ ከተገዛ 20 ትንንሽ ኮረት 10 ትልልቅ ይሻላችኋል።

ቅርጹንም እዩ። ወፈር ብሎ ከላይ ሾጠጥ ያለው ወጣት ነው፤ ጠፍጣፋና ሰፊ የሆነው ያረጀ ነው፣ ዙሪያው ትልቅ ቢሆንም አበባው ይደክማል። ጫን ስትሉት የሚሰረጎድ፣ ቡናማ ነቁጥ ያለበት ወይም የሻገተ ከሆነ፣ ሻጩ «ሲተከል ይስተካከላል» ቢልም ተዉት። አይስተካከልም።

ኮረቱ አብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ መሐል ሜዳ ገበያ ላይ አገኛለሁ ብላችሁ አትጠብቁ። ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ ያሉ የአበባ ችግኝ ሻጮችን ቀድማችሁ፣ መጋቢት አካባቢ፣ በስልክ ጠይቁ። «ውጭ ያለ ዘመዴ በሻንጣ ያምጣልኝ» የሚለው ሐሳብ ግን ይቅር፤ ተክል ወደ አገር ለማስገባት ፈቃድና የጤና ማረጋገጫ ያስፈልጋል፣ ደግሞም በሽታ የሚገባው እንዲህ ነው።

ቀኑን ከእንቁጣጣሽ ወደ ኋላ ቁጠሩ

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ግላዲዮለስ ከተከላ እስከ አበባ ሞቃት ቦታ ላይ ከ70 እስከ 90 ቀን ይፈጃል። ቀዝቀዝ ባለ ደጋ 100፣ 110፣ 120 ቀን፣ አንዳንዱ ዘግይቶ የሚያብብ ዓይነት ከዚያም በላይ ይሄዳል። ለእኛ ከ100 እስከ 120 ያለውን መነሻ እናድርግ።

አበባውን ለእንቁጣጣሽ ካሰባችሁት ከመስከረም 1 ወደ ኋላ ቁጠሩ። ነሐሴ፣ ሐምሌና ሰኔ 90 ቀን፣ ጳጉሜ 5 ቀን (በየአራት ዓመቱ 6)፣ ቀሪው ከግንቦት ነው። 120 ቀን ለመስጠት ግንቦት 6፣ 110 ለመስጠት ግንቦት 16፣ 100 ለመስጠት ግንቦት 26 ላይ መትከል ይኖርባችኋል ማለት ነው።

የትኛውን ትመርጡ? ሦስቱንም። ኮረታችሁን ሦስት ቦታ ከፍላችሁ በሦስቱም ቀናት ትከሉ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ አንዱ ቀድሞ ያብባል፣ አንዱ ይደርሳል፣ አንዱ ለመስቀል ይቀራል። ሁሉንም በአንድ ቀን ተክሎ ሁሉም ነሐሴ 20 ላይ ሲፈካ በዓሉን ባዶ እጅ መጠበቅ ያናድዳል። በስልካችሁ ኖት ላይ የተከላችሁበትን፣ የበቀለበትንና የመጀመሪያው አበባ ቀለም ያሳየበትን ቀን መዝግቡ፤ በሁለተኛው ዓመት የማንም ጽሑፍ፣ ይሄኛውም ጭምር፣ ከእናንተ መዝገብ አይበልጥም። የእናንተ ግቢ ከጎረቤት ግቢ እንኳ ሊለይ ይችላልና።

ጥቂት ቀን ለማትረፍ ዘዴ አለ። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ኮረቶቹን ጫፋቸውን ወደ ላይ አድርጋችሁ በሰፌድ ደርድሩና ማድ ቤት ውስጥ፣ ከምድጃው ራቅ ብሎ ሙቀት በሚደርስበት ቦታ ሁለት ሦስት ሳምንት አስቀምጡ። ነጭ ቡቃያ ብቅ ሲል ይተከላል። ቡቃያው እንዳይሰበር ተጠንቀቁ።

የበልግ ዝናብ አለን፣ በየካቲት ለምን አንተክልም የሚል ይኖራል። ውኃ ማጠጣት ለሚችል ሰው ይቻላል፤ ግን የካቲት ላይም ሌሊቱ ገና ስለሚበርድ አዝጋሚ ነው፣ አበባውም የሚደርሰው በዓል በሌለበት ጊዜ ነው። ለቤታችሁ ደስታ ከሆነ ሞክሩት።

መሬቱ

ግላዲዮለስ ብርድን ከሚፈራው በላይ የተኛ ውኃን ይፈራል። የመሐል ሜዳ ሜዳው ላይ ያለው ጥቁር መረሬ ሐምሌ ላይ ምን እንደሚመስል የምታውቁት ነው፤ ጫማ ይነቅላል። ኮረት እዚያ ውስጥ ሁለት ሳምንት ከተኛ ይበሰብሳል። ስለዚህ መደብ ሥሩ፦ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ያለ፣ ወርዱ አንድ ሜትር ገደማ፣ ዙሪያውን ውኃ የሚወጣበት ቦይ ያለው። ተዳፋት ላይ ያለ ግቢ ካላችሁ ዕድለኛ ናችሁ።

ቦታ ስትመርጡ «ወደ ደቡብ የዞረ ግድግዳ ሥር» የሚለውን የፈረንጅ ምክር እርሱት። እነሱ ጋ ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡብ በኩል ነች። እኛ ጋ ግን ከሚያዝያ 10 ገደማ እስከ ነሐሴ 20 ገደማ ድረስ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን ጥቂት ወደ ሰሜን ዘንበል ብላ ነው የምታልፈው። በክረምት ሰማዩ የሚከፈተው ጠዋት ነው፣ ከሰዓት በኋላ ይጫነዋል፤ ስለዚህ ምሥራቁ ያልተጋረደ፣ ነፋሱን የሚመክት የድንጋይ ካብ ከጀርባው ያለ ቦታ ፈልጉ። ካቡ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ማታ ይመልስላችኋል።

ጉድጓዱ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይኑረው። መረሬ ላይ 10 ይበቃል፣ ልል አፈር ላይ 15 ይሁን። በመሐላቸው አንድ መዳፍ ያህል፣ 12 ወይም 15 ሴንቲ ሜትር። ጠፍጣፋው ወደ ታች፣ ሾጣጣው ወደ ላይ። ግንቦት ላይ ዝናቡ ካልጣለ ስትተክሉ አንዴ በደንብ አጠጡ፣ ከዚያ ቡቃያ እስኪወጣ ብዙ አታጨናንቁት።

ስለ ማዳበሪያ። መንዝ ላይ ፍግ ለእርሻ አይተርፍም፤ ኩበት ሆኖ ይነዳል፣ ይህን ለማንም አናስተምርም። ደግነቱ ግላዲዮለስ ትኩስ ፍግ አይወድም፣ ኮረቱን ያበሰብሰዋል። የምድጃ አመድ ግን ፖታሲየም ስላለው ይጠቅማል፤ በአንድ ካሬ ሜትር አንድ እፍኝ ሁለት እፍኝ ከአፈሩ ጋር ቀላቅሉት። ዓመት የሞላው ኮምፖስት ካለ በጣም ጥሩ። ዩሪያ የምትጠቀሙ ከሆነ ቁንጥር ቁንጥር አድርጋችሁ፣ ከተክሉ ራቅ አድርጋችሁ፣ ሁለት ሦስት ቅጠል ሲያወጣ አንዴ፣ ዘንጉ ሊወጣ ሲል አንዴ። ከዚያ በላይ ቅጠል እንጂ አበባ አያመጣም።

ግቢ የሌለው 20 ሊትር ጀሪካን አናቱን ቆርጦ፣ ታቹን በሳስቶ አምስት ስድስት ኮረት መትከል ይችላል። እንዲያውም ጀሪካን ጥቅም አለው፤ በረዶ ሊጥል ሲል ተሸክመህ ታስገባዋለህ።

ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ

ድንች ኮትኩቶ የሚያውቅ ሰው ግላዲዮለስ አይከብደውም። ቁመቱ ጉልበት አካባቢ ሲደርስ እንደ ድንቹ አፈር አስታቅፉት፤ መውደቁን ይቀንሳል። አረም አታቆዩ፣ ግን በዶማ ጠልቃችሁ አትቆፍሩ፣ ሥሩ ቅርብ ነው። ቦዩን በየጊዜው ጥረጉ።

ዘንጉ ሲወጣ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ወይም ሸምበቆ አጠገቡ ትከሉና በጨርቅ ቅዳጅ ላላ አድርጋችሁ እሰሩት። ብዙ ከተከላችሁ ከመደቡ ጫፍና ጫፍ እንጨት አቁማችሁ በሁለት በኩል ገመድ መወጠር ይቀላል። የጓሳ ገመድ የሚገምድ አባት ካላችሁ ከፕላስቲኩ እሱ ይሻላል፣ ዘንጉን አይቆርጥም።

በረዶ መድኃኒት የለውም። ዘንጉን ከመታው አለቀ። ጥቂት ተክል ከሆነ ማዕዘኖቹ ላይ እንጨት ተክላችሁ ሰማዩ ሲጠቁር ኬሻ መጣል ትችላላችሁ፤ ብዙ ከሆነ ሦስት ጊዜ ከፋፍሎ መትከሉ እዚህም ላይ ይታደጋችኋል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ አበባ ላይ ስላልሆነ ሁሉም አይመታም።

ከጠላቶቹ ውስጥ እዚህ አገር አንደኛው ፍልፈል ነው። የውጭዎቹ ጽሑፎች ስለ እሱ አይነግሯችሁም። ከመሬት በታች መጥቶ ኮረቱን ይበላል፣ እናንተ የምታዩት ትናንት የቆመ ተክል ዛሬ ወድቆ ነው። ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ ፍልፈልና አይጥ እያደነ ይኖራል፣ እናንተ ግቢ ግን ቀበሮ የለም። ጠንካራ የሽቦ ወንፊት ካገኛችሁ ከኮረቱ ሥርና በጎን አንጥፉ። ካላገኛችሁ ጀሪካኑን አስቡበት። በግም ከገባ ቅጠሉን ይረመርመዋል፤ ለከብትም የሚሆን ተክል አይደለም፣ ሆድ ያውካል፤ ውሻና ድመትንም ይጎዳል።

ቅጠሉ ላይ ብር የመሰለ ጭረት፣ አበባው ላይ የተጨማደደና የነጣ ጠርዝ ካያችሁ ትሪፕስ ነው። እምቡጡን ፈልቀቅ ብታደርጉ ጥቁር ሰረዝ የሚያካክሉ ነፍሳት ታገኛላችሁ። የተጎዳውን ዘንግ ቶሎ ቆርጣችሁ አቃጥሉ። መርጨት ካስፈለገ የቀበሌያችሁን የግብርና ባለሙያ አማክሩ፣ ያውም ንብ በማይሰማራበት ምሽት ላይ። ቅጠሉ ላይ በአግድም የተሰለፈ ብርቱካናማ ዱቄት ካያችሁ ደግሞ ዋግ ነው፤ የስንዴው ዘመድ ነው፣ ግን ወደ ስንዴ አይተላለፍም። ከሁሉ የሚከፋው የኮረት መበስበስ ነው፦ አንድ ተክል ሌሎቹ አረንጓዴ ሆነው ሳለ ብቻውን ቶሎ ቢጫ ከሆነ፣ ነቅላችሁ ኮረቱን ለሁለት ክፈሉት። ውስጡ ቡናማ ከሆነ ከነአፈሩ አውጥታችሁ አርቃችሁ ጣሉት፣ ኮምፖስት ውስጥ አይግባ። ፈንገሱ አፈር ውስጥ ስለሚከርም በዚያ መደብ ላይ ሦስት አራት ዓመት ግላዲዮለስ አትመልሱ።

አቆራረጥና ሽያጭ

ከታች ያሉት አንድ ወይም ሁለት እምቡጦች ቀለማቸውን ሲያሳዩ ይቆረጣል። ሁሉም እስኪፈካ አትጠብቁ፤ የቀሩት ውኃ ውስጥ ሆነው በተራ ይፈካሉ። ጠዋት በማለዳ፣ በስለታም ቢላ፣ አግድም አድርጋችሁ ቁረጡ። ቢያንስ አራት ቅጠል ተክሉ ላይ ይቅር። ብዙ ሰው ረጅም ዘንግ ለማግኘት ከመሬት ጨርሶ ይቆርጠዋል፤ የሚቀጥለውን ዓመት ኮረት የሚያሳድገው ግን ያ ቅጠል ነው።

ወደ ደብረ ብርሃን ልትልኩ ከሆነ አንድ ነገር አስታውሱ፦ የተጋደመ የግላዲዮለስ ዘንግ ጫፉን ወደ ላይ ያጎብጣል። መኪና ላይ አጋድማችሁ የጫናችሁት ስትደርሱ አንገቱ ዞሮ ታገኙታላችሁ፣ አይመለስም። ባልዲ ውስጥ ትንሽ ውኃ አድርጋችሁ አቁማችሁ ውሰዱት። ከበዓሉ ሳምንት ቀድሞ ከደረሰም አትደንግጡ፤ ቀለም እንዳሳየ ቆርጣችሁ ከቤቱ ቀዝቃዛው ክፍል ውኃ ውስጥ አቁሙት፣ ቅዝቃዜው አፈካኩን ያዘገየዋል። መሐል ሜዳ ላይ ማቀዝቀዣ መግዛት አያስፈልግም፣ ሌሊቱ በነጻ ይሠራላችኋል።

የአገራችን የአበባ ኤክስፖርት በአብዛኛው ጽጌረዳ ነው፤ ሌሎቹን ዘርፉ ውስጥ ያሉ ሰዎች በጅምላ «ሰመር ፍላወር» ይሏቸዋል። ከዚያ ንግድ ጋር አትፎካከሩ። የእናንተ ገበያ ሰፈራችሁ ነው፦ የበዓል ዋዜማ፣ ምረቃ፣ ሠርግ። አንድ ኮረት በዓመት የሚሰጠው አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ዘንግ ስለሆነ፣ ከመግዛታችሁ በፊት የኮረቱን ዋጋ አንድ እግር አበባ ከምትሸጡበት ጋር አወዳድሩ። በመጀመሪያው ዓመት ብዙም ላይተርፍ ይችላል። ትርፉ ያለው ከታች ነው።

ከታች ያለው

አበባው ካለፈ በኋላ ተክሉን ለስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ተዉት። የተተከለው ኮረት ተመጥጦ ይሞታል፣ በላዩ ላይ አዲስ ኮረት፣ አንዳንዴ ሁለት፣ ይሠራል፤ ዙሪያውን ደግሞ አተር የሚያካክሉ ብዙ ልጆች ያወጣል። መስከረም ላይ ያበበ ጥቅምት መጨረሻ ወይም ኅዳር መጀመሪያ ላይ ይደርሳል። ውርጭ ቀድሞ ቅጠሉን ቢያቃጥለው ያኔ መቆፈር ነው።

መቆፈሩ የግድ ነው ወይ? ፈረንጆቹ የሚቆፍሩት መሬታቸው እስከ ታች ስለሚበርድ ነው። የመንዝ ውርጭ ላይ ላዩን ነው የሚያቃጥለው፣ 10 ሴንቲ ሜትር ታች ያለውን ኮረት አይገድለውም። እኛ የምንቆፍርበት ምክንያት ሌላ ነው፦ ፍልፈል በጋውን ሙሉ እንዳይቀለብበት፣ የታመመውን ለመለየት፣ የበልግ ዝናብ ያለጊዜው ቀስቅሶት የእንቁጣጣሹን ስሌት እንዳያበላሽብን። ስለዚህ ቆፍሩ።

ቅጠሉን ቆርጣችሁ፣ አፈሩን አራግፋችሁ ሳታጥቡ ሰፌድ ላይ ሁለት ሦስት ሳምንት አየር በሚገባበት ቦታ አድርቁት። ከዚያ አሮጌው ኮረት ከሥሩ በጣት ተገፍቶ ይላቀቃል፤ ጣሉት። አዲሱን በመረብ የሽንኩርት ከረጢት አድርጋችሁ ስቀሉ። ፌስታል ውስጥ አይሆንም፣ ያልበዋል፣ ይሻግታል። ከምድጃ የራቀ፣ የማይረጥብ፣ ቀዝቃዛ ክፍል ይሁን። ኮረቱ ከእንቅልፉ በደንብ የሚነቃው ሁለት ሦስት ወር ቅዝቃዜ ሲያገኝ ነው፤ ቆላ ያሉት ይህን በፍሪጅ ነው የሚያደርጉት፣ እናንተ ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር አላችሁ። በረዶ እስኪሠራ ድረስ ግን አይብረድበት፤ ከጣሪያው ቆርቆሮ ጋር አታጣብቁት።

ትንንሾቹን ልጆች አትጣሏቸው። ሽፋናቸው ጠንካራ ስለሆነ ከመትከላችሁ በፊት አንድ ሁለት ቀን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፏቸው፣ ከዚያ በአንድ ጥግ መደብ ላይ እንደ ነጭ ሽንኩርት ጠጋ ጠጋ አድርጋችሁ፣ ሦስት አራት ሴንቲ ሜትር ብቻ ቀብራችሁ ትከሏቸው። በመጀመሪያው ክረምት ሣር የመሰለ ቅጠል ነው የሚያወጡት፣ አበባ አትጠብቁ። በሁለተኛው ይወፍራሉ፣ አንዳንዱ ያብባል። በሦስተኛው ክር አዙራችሁ ስትለኩ 10 ሴንቲ ሜትር ያለፈው ወደ ዋናው መደብ ይዛወራል፣ ያላለፈው አንድ ዓመት ይጠብቃል።